በትልልቆች የማገገሚያ ስብሰባ ውስጥ ያደጋችሁ አላችሁ?

የኋላ_ወንበር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ግን ቅዳሜ ደረሰብኝ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እናቴ መጠጥ ያቆመችው እኔ 6 ዓመቴ ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 14 ዓመቴ ድረስ በሳምንት ሦስት አራት ማታ ከእሷ ጋር፣ ከሱስ የሚወጡ ሰዎች ተሰብስበው ታሪካቸውን የሚያወሩበት ስብሰባ እሄድ ነበር። እኔን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አባቴ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ እናቴ በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው የሥዕል ደብተሬን ይዛ ትገባለች። ቦታዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ያለው ወንበር ነበር። «እዚህ ቁጭ በይ፣ ሥዕልሽን ሣዪ» ትለኛለች። እኔም እሥላለሁ። ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

በ7 ዓመቴ የሰማሁትን ዛሬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ልጇን መኪና ውስጥ ቆልፋበት ለመጠጣት የገባች እናት። የእናቱን የቀብር ገንዘብ የጠጣ ሰው። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ወጣት። እያለቀሱም፣ አንዳንዴ እየሳቁም ያወሩታል። «ይህቺ ልጅ እኮ ትሰማለች» ያለ ሰው አላስታውስም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። በጣም ደጎች ነበሩ። ሁሉም ነፍሱን ለማትረፍ እየታገለ ነበር።

አንድ ሰውዬ ነበር። እርሳሴ ሲደንዝ ኪሱ በሚይዛት ትንሽ ቢላዋ ይቀርጽልኛል። ቅራፊውን መሬት አይጥለውም። መዳፉ ላይ ሰብስቦ ይሰጠኛል፣ እኔም ደብተሬ ላይ በሙጫ ለጥፌ አበባ እሠራበታለሁ። አንድ ማክሰኞ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። እናቴን ስጠይቃት «ወጥቷል» አለችኝ። በእነሱ አነጋገር «ወጣ» ማለት ወደ መጠጡ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ ግን ደጅ ወጥቷል ብዬ ነው የገባኝ። እና በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ለወራት። ከዚያ አንድ ማታ ስሙ ተጠርቶ ሁሉም ሰው ቆመ። እኔም ቆምኩ። ለምን እንደቆምን የነገረኝ የለም። መሞቱን ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ፣ እናቴ በሌላ ጨዋታ መሀል ሳታስበው ስትናገር ነው።

ሌላው ነገር ሳንቲሙ ነው። ስብሰባ የሚሄድ ሰው ያውቀዋል፤ 24 ሰዓት፣ 30 ቀን፣ 60 ቀን፣ 90 ቀን እያለ የሚሰጥ ሳንቲም አለ። እናቴ የእሷን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር የምትይዘው። ማታ ስትተኛ ቀስ ብዬ ተነስቼ ኪሷን በጣቴ እዳብሳለሁ። ሳንቲሙ ካለ እተኛለሁ። ይህን ስንት ዓመት እንዳደረግኩት አልቆጠርኩም። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እንደ ወንድሜ አብረን ያደግነው የአክስቴ ልጅ ከሱስ ከወጣ 40 ቀን ሆኖታል። የ7 ዓመት ልጅ አለው። ሚስቱ የለችም። ቅዳሜ ልጁን ይዞ ስብሰባ ሊገባ ነው። «ይሂድ፣ ይማር፣ ምን ይሆናል» አለኝ። አትውሰደው ብዬው እሱም ቢቀርስ? ከቀረ ያገረሽበታል ብዬ እፈራለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ሌላ ልጅ ሊቀመጥ ነው። እባካችሁ እዚያ ያደጋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ምን ብለው ይሻላል?

ምሽት_ላይ

እህቴ፣ ኪስ መዳበሱ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት።

እኔ የአባቴን ጫማ ነበር የማየው። በር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሰላም ነው። አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ከሆነ በጓሮ ነው የምገባው። አባቴ ካቆመ 11 ዓመቱ ነው። ዛሬም ቤታቸው ስሄድ ሰላም ከማለቴ በፊት ዓይኔ ጫማው ላይ ያርፋል። እሱ አገገመ። እኔን ግን አገገምሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ደግ_ቀን

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን ሌላም ወገን አለ።

እኔ 5 ዓመቴ ላይ ነው የገባሁት። ሁለቱም ወላጆቼ ሱሰኞች ነበሩ። ቤት ውስጥ የማውቀው ስድብና የሚሰበር ዕቃ ነው። ስብሰባ ላይ ግን አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ይህን በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ትልቅ ሰው «አጥፍቻለሁ» ሲል የሰማሁትም እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ሁሌ ጥፋተኛ የነበርኩት እኔ ነበርኩ።

አንዲት እትዬ ነበሩ። ፀጉሬን ይሠሩልኛል። ስብሰባው እስኪያልቅ ሁለት ጉንጉን ይጨርሳሉ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድም ቀን ግን አላሳመሙኝም። እየቆየ እጃቸው ሲረጋ በጭንቅላቴ ነው የተከታተልኩት። ሰው ከሱስ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ከዚያ በላይ ያስተማረኝ ነገር የለም።

ቡድኖቹ ደግሞ ይሠራሉ። ኮክሬን የሚባል የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን አንድ ላይ ተመልክቷል። ሰውን ወደ አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም የመጠጥ ሱሰኞች 12 የማገገሚያ እርምጃ እየተከተሉ ወደሚረዳዱበት ማኅበር፣ በሥርዓት የሚያስገባው የ12 እርምጃ ሕክምና፣ መጠጥን ጨርሶ በማቆም በኩል ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው። ልጅ ይዘሽ አትምጪ ከተባለ ብዙ እናቶች በሩ ላይ ይቀራሉ። እኔ ያ በር ባይከፈትልን ኖሮ ዛሬ እናት አልነበረኝም። የአክስትሽን ልጅ አታስደንግጪው። 40 ቀን ገና ጨቅላ ነው።

ዝምተኛዋ

እኔ 12 ዓመቴ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ማታ በሩ ተከፈተና የሒሳብ አስተማሪዬ ገባ።

እኔን ሲያይ ቆመ። ተመልሶ የሚወጣ መሰለኝ። አባቴ ሰውዬው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ተነስቶ ወንበር አቀረበለት። ተራው ሲደርስ መጠሪያ ስሙን ብቻ ተናገረና ዝም አለ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ አስተማረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እኔን አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። እጄን አወጣለሁ፤ ያልፈኛል። ሒሳብ እወድ ነበር።

«እዚህ የሰማኸው እዚህ ይቅር» የሚል ቃል አለ። ጥሩ ቃል ነው፤ ያለ እሱ ማንም ልቡን አይከፍትም። ግን ትልቅ ሰው ይህን ቃል ሲገባ አውቆና ፈልጎ ነው። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። ልጆቹ ስለ አስተማሪው ሲያሙ፣ ያመመው ነገር አለ ሲሉ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። የራሳችንን ቤት ገመና መሸከሙ አንሶ የሰውን ገመና ተሸከምኩ። ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም።

የኋላ ወንበር፣ ለአክስትሽ ልጅ ይህን ንገሪው። ልጁ እዚያ የሚያየው ሰው ነገ መንገድ ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ የጓደኛው ቤት ሊያገኘው ይችላል። የ7 ዓመት ልጅ ያንን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

የኋላ_ወንበር

ደግ ቀን፣ እትዬን ስላመጣሽልን አመሰግንሻለሁ። እኔም ቡድኑን መክሰስ አልፈልግም። እናቴ ዛሬ በሕይወት ያለችው በእነሱ ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው የተቸገርኩት።

ዝምተኛዋ፣ አቅፌሻለሁ።

የሴት_ልጅ_አባት

እኔ በወዲያኛው በኩል ያለሁ ነኝ። 58 ዓመቴ ነው። ከጠጣሁ 13 ዓመት አልፎኛል። ልጄን ይዤ እገባ የነበርኩ አባት እኔ ነኝ። ስለዚህ ታግሳችሁ አንብቡኝ።

ከ12ቱ እርምጃዎች ዘጠነኛው የበደሉትን ሰው መካስ ነው። እኔ እዚያ ስደርስ ልጄ 8 ዓመቷ ነበር። ስፖንሰሬ፣ በእርምጃዎቹ የሚመራኝ ነባር አባል፣ በተገኘበት አስቀምጬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ትምህርት ቤት በር ላይ የረሳኋትን ቀን፣ ሰክሬ የገፈተርኳትን ቀን። ስጨርስ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ አባዬ» አለችኝ። እኔ ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ወረደ። እንባዬ መጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷ ኋላ ተቀምጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በ19 ዓመቷ፣ እንዲህ አለችኝ። «አባዬ፣ ያን ቀን እሺ ያልኩህ ሌላ መልስ ያለ ስላልመሰለኝ ነው። እምቢ ብልህ ሄደህ የምትጠጣ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ስትለኝ ወጥ ቤት ቆመን ዕቃ እያጠብን ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን መልሼ ውሃው ውስጥ አስገባሁት። የምለው አጣሁ።

እርምጃው ራሱ ሌላውን ሰው የሚጎዳ ከሆነ አይደረግ ይላል። ይህን ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልጄን የሚጎዳ መሆኑ ግን አልታየኝም፣ ምክንያቱም ለእኔ ደስ ይል ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ይቅርታ ሰጪ ዳኛ ልትሆን አትችልም። ካሳዬ መሆን የነበረበት በየቀኑ በሰዓቱ ትምህርት ቤት በር ላይ መገኘት ነበር። እሱንም አድርጌዋለሁ። ግን ንግግሩን ለዕድሜዋ ማቆየት ነበረብኝ።

የኋላ_ወንበር

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም አንድ ቀን እንዲህ ብታወራኝ እመኛለሁ። ልጅዎ ወጥ ቤት ቆማ እንደዚያ ልትነግርዎት መቻሏ ራሱ በአንድ ነገር ላይ እምነት ስላላት ይመስለኛል።

ከልጆች_ጋር_እሠራለሁ

ሥራዬ ሱስ ካለበት ቤት የመጡ ልጆችን ማማከር ነው። ረዘም አደርገዋለሁ፣ ይቅርታ።

ክላውዲያ ብላክ የምትባል የዚህ ዘርፍ ባለሙያ ሱስ ያለበት ቤት ውስጥ ሦስት ሕግ አለ ትላለች። አትናገር፣ አትመን፣ አይሰማህ። የትልልቆቹ ስብሰባ እነዚህን ሕጎች ይሰብራል። ሰው ይናገራል፣ ያምናል፣ ያለቅሳል። ግን የኋላ ወንበሯን ልጅ ተመልከቱ። ሁሉም በሚናገርበት ክፍል ውስጥ እሷ አትናገርም። ሦስቱ ሕጎች እሷ ላይ እንዳሉ ናቸው። እንዲያውም አሁን የትልልቆቹን ቋንቋ አሳምራ ስለምታውቅ ማንም አይጠረጥራትም። «ዛሬን ብቻ»፣ «አንድ ቀን በአንድ ጊዜ» እያለች የምታወራ የ9 ዓመት ልጅ አጋጥማኛለች። ሁሉም ይደነቁባት ነበር። ምን ያስፈራሻል ብዬ ስጠይቃት ግን ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ለራሷ ፍርሃት ቃል አልነበራትም።

የልጆቹ ነገር የታሰበበት ዘግይቶ ነው። አልኮሊክስ አኖኒመስ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ ተጀመረ። ከመሥራቾቹ የአንዱ፣ የቢል ዊልሰን፣ ባለቤት ሎይስ ከሌላ የአባል ሚስት ጋር ሆና የቤተሰቦቹን ቡድን፣ አል-አኖንን፣ ያቋቋመችው በ1951 ነው። ለታዳጊዎች የሚሆነው አላቲን የመጣው ደግሞ በ1957፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ታዳጊ ልጅ እኩዮቹን ሰብስቦ ሲጀምረው ነው። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው «የእኛስ?» ያሉት። አላቲን ላይ ኃላፊ ሆነው የሚገኙት አዋቂዎች ማጣሪያ ያለፉ የአል-አኖን አባላት መሆን አለባቸው። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው። በትልልቆቹ ስብሰባ በር ላይ ማጣሪያ የለም፤ ማንም መግባት መቻል አለበትና። ስለዚህ ልጅን «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ለአንድ አባል ሰጥቶ መግባት አይገባም። ደግ ፊት ማጣሪያ አይደለም።

የ7 ዓመት ልጅ ለአላቲንም ገና ነው። ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጀ ነገር ባለበት አገር እሱን መፈለግ ነው። አሜሪካ ያለው የቤቲ ፎርድ የሱስ ሕክምና ማዕከል ለምሳሌ ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የራሳቸው ፕሮግራም ነበረው፤ ልጆቹ ይሥላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሱስ ምን እንደሆነ በእነሱ ቋንቋ ይነገራቸዋል። ከሌለ ደግሞ ዋናው ነገር ቀላል ነው። ልጁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይስማ። እኔ አላመጣሁበትም። እኔ ልቆጣጠረው አልችልም። እኔ ላድነው አልችልም። አንድ ቀን ነግሮ ማለፍ ሳይሆን ደጋግሞ። ሳንቲም የምትዳብሰው ልጅ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የነገራት አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤሚ ዌርነር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትላለች። ብዙ መከራ ከከበባቸው ልጆች መሀል፣ ሱሰኛ ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ወላጅ ያላቸው ጭምር ነበሩባቸው፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጤነኛና ደግ አዋቂ ሆነው አድገዋል። ከእነሱ ጋር ደጋግሞ የታየው ነገር ቢያንስ አንድ የማይለወጥ ትልቅ ሰው አጠገባቸው መኖሩ ነው። የደግ ቀን እትዬ እንደዚያ ዓይነት ሰው ይመስሉኛል። እርሳስ የሚቀርጸውም ሊሆን ይችል ነበር። ለዚህ ነው «ወጥቷል» ብሎ ማለፍ የማይበቃው። ልጅ የሚወደው ሰው ሲቀር፣ የት እንደሄደ በልጅ ቋንቋ ይነገረው።

ታሪክ_ወዳድ

በዚህ ጉዳይ ላይ የከፋው የት ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሲናኖንን ታሪክ ይይ። ቻርልስ ዴድሪክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያቋቋመው የሱሰኞች ማገገሚያ ነበር። መጀመሪያ ብዙ ተወድሷል። ከጊዜ በኋላ ግን ሰው አገግሞ የሚወጣበት መሆኑ ቀርቶ እስከ መጨረሻው የሚኖርበት ማኅበር ሆነ። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው በጋራ ነበር የሚያድጉት። ትልልቆቹ «ጨዋታው» በሚሉት፣ ሰው መሀል ተቀምጦ በሚሰደብበትና በሚጋለጥበት ስብሰባ ልጆችም ይሳተፉ ነበር። በ1978 ድርጅቱን ይከስስ የነበረ ጠበቃ የፖስታ ሳጥኑ ውስጥ መርዘኛ እባብ ተደርጎ ተነደፈ፤ ለትንሽ ተረፈ። ድርጅቱ በ1991 ፈረሰ።

ተራውን የማታ ስብሰባ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። እዚያ የነበሩት ልጆች ሱስ አልነበረባቸውም። የገቡት የወላጆቻቸው ሱስ ስላስገባቸው ነው። የሚያድጉበት ደንብ ግን ለሱሰኛ ተብሎ የወጣ ነበር።

ማታ_ማታ

እኛ ቤት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ባለቤቴ ስብሰባውን የሚከታተለው በኢንተርኔት ነው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መኝታ ቤት ይገባል። ልጃችን እዚህ ሳሎን የቤት ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ልጄ የሚሰማው የአባቱን ድምፅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲያጽናኑት፣ ሲመልሱለት አይሰማም።

ባለፈው ወር ባለቤቴ «ሞቼ ቢሆን ይሻላቸው ነበር ብዬ አስብ ነበር» ሲል ሰማነው። ድሮ ያስበው የነበረውን ነው የሚያወራው። ልጄ እርሳሱን አስቀመጠና አየኝ። ምንም አላለም። ያን ሌሊት አባቱ እግር ሥር ነው የተኛው። ይህን ውይይት ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ለባለቤቴ አሳየሁት። ከትናንት ጀምሮ መኪና ውስጥ ሆኖ ነው የሚገባው። ለልጃችንም «ያ ድሮ ነበር፣ አሁን እንደዚያ አላስብም» ብሎ ነገረው። ልጁ ሲሰማ ትከሻው ወረደ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ደግ_ቀን

ሳስበው አደርኩ። አንድ ነገር ልመልስ።

እትዬ ፀጉሬን የሚሠሩልኝ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አሁን ነው ልብ ያልኩት። በሩ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ነበር፣ ሁለት ወንበር አቅርበው። ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃል ግን ለይቼ አልሰማም። ለካ እትዬ የራሳቸውን ስብሰባ ግማሹን እየተዉ ነው ያንን ያደረጉት። ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም። ለዚህ ይሆናል የእኔ ትዝታ ከእናንተ የተለየው።

በሩ ክፍት ይሁን ማለቴ ግን እንዳለ ነው። ልጅ ያላት እናት አትመለስ። ኮሪደሩ ላይ አንድ የሚታመን ሰው ይኑር።

የሴት_ልጅ_አባት

ደግ ቀን፣ በእኛ ቡድን ይህንኑ ላቀርብ ነው። ሁለት ሰው በተራ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ አባል። ለእኔና ለልጄ ዘግይቷል። ለሌላው አልዘገየም።

የኋላ_ወንበር

ቅዳሜ አልፏል። ለሁላችሁም የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ደወልኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ። «አንቺን እናትሽ ስንት ዓመት ይዛሽ ገባች፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና እንባ ቀደመኝ። ከዚያ እርሳስ የሚቀርጽልኝን ሰውዬ ነገርኩት። ለቤተሰብ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ስንት ጊዜ ጠበቅሽው?» አለኝ በመጨረሻ። አሁንም ድንገት በር ሲከፈት ቀና እላለሁ አልኩት። «ታዲያ ምን ላድርግ? የት ላስቀምጠው?» አለኝ። እኔ ጋ አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ግን እስክጠየቅ ድረስ እሱም አላሰበው፣ እኔም አላልኩትም።

ሦስታችንም አብረን ሄድን። ሰው ሳይገባ ልጁ አዳራሹን እንዲያየው ፈለግኩ። አባቱ የት እንደሚገባ ማወቅ አለበት። ወንበሮቹን ቆጠራቸው። 22። «የአንተ የቱ ነው?» አለው። «የለኝም፣ ባገኘሁት ላይ ነው» አለው አባቱ። ልጁ ይህ አልተመቸውም መሰለኝ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን መረጠለት።

ከዚያ እኔና እሱ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ደብተሩን አወጣ። ገና አንድ መስመር ሳያሰምር «አባዬ የጀመረው ስልኩን ስለሰበርኩበት ነው?» አለኝ። ስልኩ የተሰበረው ባለፈው ዓመት ነው። ዓመት ሙሉ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ነገርኩት። አንተ አላመጣህበትም አልኩት። አንተ ልትቆጣጠረው አትችልም። አንተ ልታድነው አትችልም። ዝም ብሎ ሰማኝ። እንደገና በዪ አለኝ። እንደገና አልኩት። ከዚያ ደረጃውን በጫማው ጫፍ እየጫረ «እሺ፣ ቢያገረሽበት ለማን ነው የምደውለው?» አለኝ።

ስልክ ቁጥሬን ደብተሩ ሽፋን ውስጥ ጻፍኩለት። አነበበው። እንደገና አነበበው። አባቱ ሲወጣ ደብተሩን ዘግቶ ተነሳ፣ እጁን ያዘው፣ ወደ መኪናው ስንሄድም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። ቁጥሩን በቃሉ እያለው ነው።